ባዶ ኮርቻ

ትሁን አንለይ ሰውን የምትመዝነው በሁለት ነገር ነው፤ በፈረስ አቀማመጡና በእጅ ጽሕፈቱ። በአቀማመጡ እዮብን ገና ዐምና ፈርዳበታለች። ኮርቻ ላይ እንደ ሩዝ ጆንያ ነው የሚጣለው፤ ፈረሱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይቃጣዋል። በእጅ ጽሕፈቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲረታት ከረመ። እነሆ ዛሬ፣ ጳጉሜ ሁለት ቀን ጧት፣ ወረታ መናኸሪያ ዳር፣ ያም ተናደ።

የተናደው በአንዲት መስመር ነው። አባቷ ጋሽ አንለይ በክረምቱ ዕረፍት ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የሚመጡ የከተማ ሰዎችን በፈረስ አስቀምጠው፣ የሜዳውን ዳር ዳር ይዘው እስከ ወንዛዬ ፍል ውሃ ያደርሳሉ። መንገድ ላይ አንድ ቀን በድንኳን ይታደራል። ከመነሳታቸው በፊት እንግዳው ሁሉ ስሙንና የዘመድ ስልክ በደብተር ያሰፍራል፤ ጉማራ በክረምት የሚታመን ወንዝ አይደለማ። ዐምና ደብተሩን የያዙት አባቷ ነበሩ። ዘንድሮ ትሁን ያዘችው። እዮብም ከሚኒባሱ ወርዶ፣ ካፊያው እየመታው፣ በቆመበት ስሙን ጫረ።

ጫረ ነው የሚባለው፤ ጻፈ አያሰኝም። «እ»ው ወገቡ ተሰብሯል፣ «ዮ»ው አንገቱን ደፍቷል፣ «ብ»ው ከመስመሩ ወድቆ የሚያነሳው አጥቷል።

ትሁን ደብተሩን ዘጋች። በጉያዋ፣ በፌስታል ተጠቅልለው፣ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ዓመቱን ሙሉ በመናኸሪያው ሻይ ቤት በኩል ከባሕር ዳር የደረሷት። የነዚያ ፊደል ማኅሌት ላይ እንደቆሙ ካህናት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ ትከሻ ለትከሻ የተሰለፈ፣ አንዱ አንዱን የማይቀድም። ይህ እጅ ያንን አልጻፈም። አንድ በሬ በገና ደረደረ ብትባል ይሻላታል።

እናቷ በሞተች ዓመት ከስምንተኛ ክፍል ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዋ ራሷ ናት፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ የከብት መድኃኒት ወረቀት፣ ጎረቤት አንብቢልኝ ብሎ የሚያመጣውን የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ያገኘችውን ሁሉ እያነበበች ነው ያደገችው። ለሌላው ሰው ፊደል ፊደል ነው፤ ለሷ የሰው ፊት ነው። እና አሁን ዓመቱን ሙሉ የወደደችው ፊት የሌላ ሰው ሊሆን ነው።

«ደህና ከረምሽ ትሁን?» አላት እዮብ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል።

«ደህና። አንተስ? እጅህ ደህና ነው?»

«እጄ?»

«ዓመቱን ሙሉ ሲጽፍ የከረመ እጅ ይዝላል ብዬ ነው።»

እዮብ ቀላ። ወዲያው ወደ እህቱ ዞር አለ። ትሁን መዞሩንም መቅላቱንም አየች፤ ሁለቱንም በልቧ ደብተር አሰፈረች።

እህቱ እየሩስ ነጭ ጫማ አድርጋ ጭቃው መሃል ቆማለች። ከወረደች ጀምሮ ትሁንን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እየቃኘች ነው፤ ገበያ ላይ ጊደር እንደሚያይ ሰው።

ጋሽ አንለይ ፈረሶቹን አሰልፈው፣ እንደ ልማዳቸው ከመነሳት በፊት የሚናገሯትን ተናገሩ። «ልጆቼ፣ አንድ ነገር ስሙኝ። ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ባዶውን አይመራም። መውረድ ከፈለጋችሁ ወይ ኮርቻውን አውርዱ፣ ወይ መልሳችሁ ውጡ። በኛ አገር ባዶ ኮርቻ የሚመራው ለሞተ ሰው ነው። ልብሱን ኮርቻው ላይ አድርገው ፈረሱን ለቅሶው መሃል ያዞሩታል። ሰው አታስደንግጡ፣ በራሳችሁም ላይ ሟርት አትጥሩ።»

«እሺ ጋሼ» አለ እዮብ። እየሩስ ስልኳን ወደ ሰማይ አንስታ ኔትወርክ እየፈለገች ነበር።

---

ሜዳው በጳጉሜ አረንጓዴ ብቻ አይደለም፤ ያበራል። ሩዙ ውሃው ውስጥ ቆሞ ሰማዩ ከሥሩ ያልፋል። ፈረሶቹ ዋልካውን ሲረግጡ ጭቃው እግራቸውን እንደማይለቅ አበዳሪ ይይዛል፣ ከዚያ «ጧ» ብሎ ይለቃል። እዮብ አምባላይ ላይ ነው፤ እንደ ወተት የነጣው ፈረስ። ትሁን በጥቁሯ ባዝራ ከፊት ትመራለች። ዞር ባለች ቁጥር የሱ ዓይን እሷ ላይ ነው። ትናንት ቢሆን ኖሮ ባዝራዋን አዘግይታ ትጠብቀው ነበር። ዛሬ ግን፣ ምን ይመለከተኛል፣ አለች። ሰው የሚሰርቀውን ነው እንዲህ የሚያየው።

አሥራ አንደኛው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ «የሩፋኤል ዕለት፣ ወንዛዬ ላይ፣ አንድ ቃል ስጪኝ። እሺ ካልሽኝ ሽማግሌ እልካለሁ። እምቢ ካልሽኝም ፈረስሽን አስረክቤ እመለሳለሁ።» የሩፋኤል ዕለት ነገ ነው። ትሁን ቃሉን ሳምንት ሙሉ በአፏ ይዛ ስትዞር ሰንብታለች። ላሟን ስታልብ «እሺ» ትላለች፤ ባዝራዋን ስታበጥር «እሺ» ትላለች። አንድ ጊዜማ አባቷ ሰምተው «ምኑን ነው እሺ የምትይው?» ብለዋታል።

አሁን ያቺን «እሺ» ለማን እንደምትሰጣት አታውቅም።

ደግሞስ የሚያጠራጥረው እጁ ብቻ ነው? በአሥራ አንዱ ደብዳቤ ሁሉ ስለ እናቱ አንዲት መስመር የለችም። የሕንፃ ንድፍ እንደሚሠራ ነግሯታል። የሐይቁን ነፋስ፣ የመሥሪያ ቤቱን መስኮት፣ የእግሩን ቁስል ሳይቀር ነግሯታል። እናቱን ግን የለም። ለአንዲት ከስምንተኛ ክፍል ለቀረች የፈረስ ጠባቂ ልጅ እናቱን የማያነሳ ወንድ ምን እያሰበ ነው?

እኩለ ቀን ላይ ፈረስ ሊያጠጡ ሲቆሙ፣ እየሩስ በመጨረሻ ኔትወርክ አገኘች። ከአንድ የሾላ ዛፍ ጀርባ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። ትሁን የባዝራዋን የኮርቻ መቀነቻ ልታጠብቅ ጎንበስ እንዳለች ሰማቻት።

«አዎ እማዬ፣ አብረው ናቸው… አይ፣ እሷ ምንም አታውቅም… አልኩሽ እኮ፣ ምንም አታውቅም። እየተከታተልኩ ነው።»

ትሁን ቀና አለች። መቀነቻውን ሳታውቀው ሦስት ቀዳዳ አጥብቃ ነበር፤ ባዝራዋ ዞራ ልትነክሳት ቃጣት። «ይቅርታ እቱ» አለቻት ትሁን፣ አንገቷን እየዳበሰች። «አንቺን አይደለም ያነቅኩት።»

---

ጉማራ ዳር፣ ውሃ የማይወጣበት ጉብታ ላይ ድንኳን ሲተክሉ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዝናቡ ግን አልጠበቀም። አባቷ ፈረሶቹን ሊያስሩ ወረዱ፤ እየሩስ ድንኳኗ ውስጥ ገብታ እግሯን ታሻለች። እዮብ በድንኳኑ በር ተቀምጦ ውሃውን ያያል።

ትሁን ደብተሩንና እስክሪብቶውን ይዛ ፊቱ ቆመች።

«አንድ ነገር ጻፍልኝ።»

«ምን ልጻፍልሽ?»

«ሰባተኛው ደብዳቤ ላይ ያለችውን። 'ከጉማራ ማዶ የቀረ ሰው ወንዙን አይረግምም፤ ውሃው እስኪጎድል ቆሞ ይጠብቃል' የምትለዋን።»

«'እኔም ቆሜያለሁ' ይላል ቀጥሎ» አለ እዮብ፣ ፊቱ በርቶ። «'እግሬን ዋልካ ይዞታል፣ ደግሞም ይያዘው' ይላል።»

«ቃሉንማ በቃልህ ይዘኸዋል። ጻፈው።»

እስክሪብቶውን ተቀበላት። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ይወርዳል፣ ይመለሳል።

«እጄ በርዶታል።»

«እጅህ ነው የበረደው፣ ወይስ ጸሐፊህ ሩቅ ነው?»

እዮብ ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜ ቢዋሻት ምናልባት ታምነው ነበር። አልዋሸም።

«የጻፈው ሌላ ሰው ነው» አለ። «ግን ትሁን፣ ስሚኝ…»

«ስንት ሆናችሁ ነው የሳቃችሁብኝ?»

«ማንም አልሳቀም።»

«ሴት ናት ወንድ?»

«ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ…»

«ይባስ! ገና ሽማግሌ ሳይላክ ሽማግሌ ገብቶበታል!»

እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደች። ፌስታሉን ቦጨቀችው። አሥራ አንዱን ደብዳቤ እግሩ ሥር፣ ጭቃው ላይ በተነቻቸው። «እንካ! ለባለቤቱ መልስለት። እኔ የወደድኩት የጻፈልኝን ሰው ነው። አንተን አላውቅህም። ነገ ወንዛዬ ስንደርስ ፈረሱን አስረክብና ሂድ፤ እዚያ መኪና አይጠፋም።»

«ነገ ቃልሽን ትሰጪኛለሽ ብዬ ነበር።»

«ቃሌን አሁኑኑ ውሰድ። ሞተህ እንኳ ብትመጣ አንዲት ዘለላ ዕንባ አላወጣልህም!»

ዞራ ቆመች። ከኋላዋ እዮብ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲያነሳ ይሰማታል፤ እያንዳንዷን በሸሚዙ ይጠርጋል፣ ያጥፋል። አልቆጥርም አለች። ቆጠረች። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። ከዚያ አንዷ ቀረች። የት ገባች? ንፋስ ወሰዳት? ከድንኳኑ እንጨት ሥር ትሆናለች፣ ፈልግ እንጂ ፈልግ፣ ልትለው አፏ ሊከፈት ነበር። አሥራ አንድ። ያን ጊዜ ወደ ድንኳኗ ሄደች።

---

ጧት ውሃው ጎደለ። አራቱም ተሻገሩ፤ አባቷ እንደ ልማዳቸው በእግራቸው፣ ጭነት ፈረሱን እየሳቡ። ማዶ እንደወጡ ትሁን ባዝራዋን ኮለኮለች።

«ቀድሜ ሄጄ የድንኳን ቦታ ልያዝ አባዬ። ዛሬ ሩፋኤል ነው፣ ሰው ይበዛል።»

አባቷ ዓይኗን አዩት። አብጧል። «ከምን ነው የምትሸሺው?»

«ከሰው።»

«ወደዚያ ሁሉ ሰው እየሄድሽ?»

ጋለበች።

ወንዛዬ በሩፋኤል ዕለት የሰው ጎርፍ ነው። ፍል ውሃው ይጨሳል፤ ወገቡን ያመመው፣ ጉልበቱ የያዘው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። ትሁን ከዳር ባዶ ቦታ አገኘችና ካስማዋን በድንጋይ ትቀጠቅጥ ጀመር። አጠገቧ በላስቲክ መጠለያ ውስጥ አንዲት መነኩሴ፣ እማሆይ ወለተ ሐና፣ ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው ተቀምጠዋል።

«ብቻሽን ነሽ ልጄ?»

«ብቻዬን ነኝ እማሆይ።»

«አይመስለኝም። ብቻውን የሆነ ሰው ካስማ እንዲህ አይመታም፤ ይህ አንድ ሰው መደብደብ ነው።»

ትሁን ልትስቅ ቃጣት። ድንጋዩን አነሳች። ያን ጊዜ ከውሃው ወገን የአንዲት ሴት ድምፅ ጮኸ።

«ኧረ እዩ! ኧረ ኮረብታው ላይ እዩ!»

ነጭ ፈረስ ነው። አምባላይ። እያነከሰ ይወርዳል። ኮርቻው እንደተጫነ ነው፤ ሰው ግን የለበትም። ኮርቻው ላይ የእዮብ አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ተነጥፏል፤ በላዩ ላይ ባርኔጣው ተቀምጧል። ልጓሙን ይዛ የምትመራው እየሩስ ናት፤ አንድ እግሯ ባዶ፣ ፀጉሯ የተፈታ፣ ድምፅዋን ለቃ እየተንሰቀሰቀች።

«ወይኔ! ማን ነው የቀረው?»

«ጉማራ በላው! ጉማራ በላው!»

አንዲቱ ደረቷን መታች፤ ሁለተኛዪቱ ተቀበለች፤ ወዲያው የፍል ውሃው ዳር ሁሉ በአንድ ድምፅ ተነሳ። ማንም በእርግጥ ሞቷል ወይ ብሎ አልጠየቀም። ኮርቻው ተናግሯላ። እማሆይ ወለተ ሐና ዓመት ሙሉ ያልታዘዘላቸውን ጉልበት ይዘው ቆሙ።

«ዝም በሉማ!» አሉ። «የማን ነው ይኼ ልጅ? ወገን የለውም? ለቅሶ ያለ ባለቤት አይለቀስም። ወገኑ ይቅደምና እኛ እንከተል!»

ልጓሙን የያዘችው ልጅ ታለቅሳለች እንጂ የኔ ነው አትልም፤ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከአገሩ ርቆ የሞተ ሰው፣ የሚቀድምለት የለም።

ድንጋዩ ከትሁን እጅ ወደቀ። ጥርጣሬዋ እንኳ የመጨረሻ ጉልበቱን ሞከረ፤ ይህም ተንኮል ይሆን? አላት። ሊያስለቅሱኝ አስበው ይሆን? ዓይኗ ግን ባርኔጣው ላይ ነበር። ከሥሩ ራስ የለም። ትናንት ማታ የተናገረችው ቃል፣ ሞተህ እንኳ ብትመጣ ያለችው፣ እነሆ በነጭ ፈረስ ተጭኖ ወደሷ ይመጣል።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወጣች።

«የኔ ነው!» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «የማን ነው ያላችሁ? የኔ ነው! ወገኑ እኔ ነኝ!»

አንገቱን አቅፋ አምባላይ ላይ ተደፋች። የፈረሱ ላብና የልብሱ ሽታ አንድ ላይ መጣባት። ከሳምንት ጀምሮ አፏ ውስጥ የተያዘው ቃል ያን ጊዜ ተፈታ፤ በለቅሶ ዜማ፣ እናቷ በሞተች ቀን እንደሰማችው፤

«ደብዳቤህን ጭቃ ላይ ጥዬብህ ሄጄ፣
መልሱን ይዤ መጣሁ፣ ተቀበል ከእጄ።»

ሴቶቹ «ወይ! ወይ!» ብለው ተቀበሏት። እየሩስ ሁለት መቶ ሰው ከቧት ሲያለቅስ አይታ ይብስ ጮኸች። «ምን ሆናችሁ ነው? ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?» የሚሰማት የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከኮረብታው ጀርባ ሁለት የጭቃ ሰዎች ሁለት ፈረስ እየሳቡ ብቅ አሉ። ጋሽ አንለይ ጩኸቱን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለቅሶ አለ» አሉ። «ለቅሶ አይታለፍም። ና፣ አልቅሰን እንሂድ።» እዮብም የአገሩን ወግ አክባሪ ነውና ከለቀስተኛው ኋላ ቆመ፤ አንገቱን ደፋ፤ እጁን አጣመረ። ለማያውቀው ሟች ከልቡ አዘነ።

ትሁን ደገመችው፤ «መልሱን ይዤ መጣሁ…»

እዮብ ቀና አለ።

«ትሁን?»

እማሆይ ወለተ ሐና ዞር አሉ። «አንተ ማነህ?»

«እዮብ እባላለሁ።»

«ሟቹስ ማን ነው?»

እዮብ ነጩን ፈረስ አየ፤ ልብሱን አየ፤ ባርኔጣውን አየ። «እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ እማሆይ።»

ለቅሶው እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ትሁን ከፈረሱ አንገት ቀና አለች። እዮብ እስከ ደረቱ ጭቃ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ጭቃ ነው፤ ከዚያ ጭቃ መሃል ሁለት ዓይኖች ያዩዋታል። የምትይዘው ብታጣ እርካቡን ያዘች። በሕይወቷ እንዲህ የተናደደችበት፣ እንዲህም ደስ ያላት ቀን የለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ለሰው ልብ አንድ በር ብቻ ነው ያለው።

---

መጀመሪያ የተመለሰው ኩራቷ ነው። ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች።

«ለፈረሱ ነው ያለቀስኩት» አለች። «እያነከሰ ነው።»

«ለፈረስ 'መልሱን ይዤ መጣሁ' አይባልም ልጄ» አሉ እማሆይ፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እልል ያለችም አልጠፋች።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆነ። ከኮረብታው ማዶ ጭነት ፈረሱ ማጥ ውስጥ ሰመጠ። ዳማው፣ የእየሩስ ፈረስ፣ በመጫኛ እንዲስበው ታሰረ። አምባላይ ድንጋይ ረግጦ ስላነከሰ ሰው አይሸከም፣ አይስብም። እዮብ ልብሱንና ባርኔጣውን አውልቆ ኮርቻው ላይ ጥሎ ማጡ ውስጥ ገባ። እየሩስን «አምባላይን እየመራሽ ሂጂ፤ ከወንዛዬ ገመድ የያዙ ሰዎች ጥሪልን» አሏት። እሷም መንገድ ላይ አንድ ጫማዋን ዋልካ በላው፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አልቅት ተጣበቀባት፤ ያስለቀሳት እሱ ነው። እነሱ ግን ረዳት ሳይደርስ ፈረሱን ጎትተው አወጡት።

«ኮርቻውን አውርጂ ማለቱን ረሳሁት» አሉ ጋሽ አንለይ፣ በሐፍረት አንገታቸውን እየነቀነቁ። «ሠላሳ ዓመት ሰው የማስተምረውን! ምን ላድርግ፣ እኔም ማጡ ውስጥ ነበርኩ። ደግሞ ይህ ልጅ አናደደኝ። እስከ ብብቱ ሰምጦ፣ ገመዱን በሁለት እጅህ ያዝ ብለው እምቢ አለኝ። አንድ እጁን ወደ ላይ አንከርፍፎ በአንድ እጁ ይስባል። እጁ ላይ ፌስታል ይዟል። ምን ይሆን አልኩ፣ ወርቅ ነው?»

ትሁን የእዮብን ቀኝ እጅ አየች። ከሰውነቱ ሁሉ ያልቆሸሸው እሱ ብቻ ነበር። የተቦጨቀው ፌስታሏ ተቋጥሮ እዚያ አለ።

ሰዉ ወደ ፍል ውሃው ሲመለስ፣ ሁለቱ ካልተጨረሰው ድንኳን አጠገብ ቀሩ። አባቷ ፈረሶቹን ሊያዩ በሚመስል መልክ ራቅ አሉ።

«ዐምና በመንገዳችን ካለው ቤተ ክርስቲያን የብራናውን ዳዊት አሳዩን» አለ እዮብ። «ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ?»

አስታወሰች። ፊቷ ጋለ። 'በእንዲህ ያለ እጅ የሚጽፍልኝ ወንድ ቢገኝ፣ የጻፈውን ሳላነብ እሺ እለው ነበር' ብላ ነበር። ለቀልድ ነው። ይህ የከተማ ሰው ቀልድና ቃል አይለይም?

«ባሕር ዳር መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ ቁም ጸሐፊ አሉ። አንዷን ገጽ ሙሉ ቀን ይፈጁባታል። እኔ ቃሉን እላለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። 'ዓይንሽ' የሚለው ጋ በደረሱ ቁጥር ያማትባሉ። ስምሽን በቀይ ቀለም ይጻፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ 'ቀይ ለቅዱሳን ስም ነው፤ ይህችን ልጅ ገና አላየናትም' አሉኝ።»

ትሁን ከንፈሯን ነከሰች። «እህትህስ? 'ምንም አታውቅም' እያለች ለእናትህ ስታወራ ሰምቻታለሁ።»

«ያልኩትን እኔው ልንገርሽ» አለች እየሩስ ከኋላቸው፣ ቁርጭምጭሚቷን እያከከች። «እማዬ 'ልጅቷ ሀብታችንን አይታ እንደሆነ አጣሪ' ብላ ነው የላከችኝ። እኔም ቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ መሆኑን እንኳ አታውቅም አልኳት። አሁን ግን ምን ልበላት? የሞተ መስሏት እንዲህ አለቀሰችለት ልበላት? ማን ያምነኛል?»

«ባለ ሦስት ፎቅ?» አለች ትሁን፤ ዓይኗ ጠበበ። «እሱንም ደበቅከኝ?»

«ደብቄሻለሁ» አለ እዮብ። «እናቴንም ያላነሳሁት ለዚሁ ነው። ብታውቂ ኖሮ መልስ አትጽፊልኝም ነበር።»

እውነቱን ነው። አትጽፍለትም ነበር።

ከፌስታሉ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ወረቀት አወጣ፤ የጭቃ ነጠብጣብ የሌለበት። «ትናንት ድንኳን ውስጥ የጻፍኩት ነው።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እያት እንጂ።»

ገለጠችው። ወገቡ የተሰበረ «እ»። አንገቱን የደፋ «ዮ»። የደብተሩን ገጽ አምጥታ ከጎኑ ያዘች፤ ፊደል በፊደል፣ እንደ ዳኛ አስተያየችው። አይጠራጠሩበትም፤ ይህን ያህል ክፉ አጻጻፍ ሁለት ሰው አይችለውም። አንድ ነገር ብቻ የተለየ ነበር። ስሟ ባለበት ቦታ ሁሉ፣ ለንድፍ ማረሚያ በሚይዛት እስክሪብቶ፣ ቀይ ነው።

«ትሁን፣ እጄ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ የለኝም። ያንን ዳዊት ስታዪ የነበረሽን ፊት ለኔ ጽሑፍ እንደማታሳዪው ስላወቅኩ ደበቅኩሽ። ነገ እምቢ በይኝ። ግን ትሁን፣ እምቢ የምትዪው እኔን ይሁን እንጂ መሪጌታን አይሁን።»

«ያስጠላል» አለች ትሁን።

«አውቃለሁ።»

«'ይሁን' ላይ መስመሩን ለቀህ ወጥተሃል።»

«ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

ጋሽ አንለይ ከፈረሶቹ ወገን ሳይዞሩ ተናገሩ። «እኔን አትዩኝ። ሁለት መቶ ሰው ፊት 'የኔ ነው' ብላ ጮኻ ስታበቃ፣ ለአባትየው ምን ይቀረዋል?»

ትሁን ወረቀቱን አላጠፈችውም። አንዲት ዘለላ ዕንባ አላወጣልህም ያለው ዓይኗ ለሟቹ አውጥቶ ሳይጨርስ ለዳነው ጀመረ። አንዷ ነጠብጣብ ቀዩ ስሟ ላይ አረፈች፤ ቀለሙ ፈስሶ እንደ አበባ ተዘረጋ። እንዳያይባት ፈጥና በመዳፏ ከደነችው። አይቷል።

«ሽማግሌ ስትልክ» አለች፣ ወደ ውሃው ዞራ፣ ድምፅዋን እንደ ልማዷ ልታኮራው እየሞከረች፣ «መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት አብረዋቸው ይምጡ። ልጅቷን ገና አላየናትም ብለዋላ።»

መዳፏን ከወረቀቱ ስታነሳ ስሟ እጇ ላይ ቀርቶ ነበር። አላጠበችውም።